አራት ሰከንድ

ከቃሊቲ ወጣን፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ማለዳ፣
በጉደታ አይሱዙ፤ ጭነቱ እኔ እንግዳ።
ጣራው ላይ ለጥፈን፣ የድስት ክዳን 'ሚያህል፣
ጠፍጣፋ አንቴና፣ ሰማይ የሚያባብል።
ሥራዬ መቁጠር ነው፤ በእርሳስ፣ በደብተር፣
ድምፅ የት ላይ ጠፋ፣ ስንት ቆየ ሳይናገር።

«ከየት ነው 'ሚመጣው?» አለኝ ማርሽ እየለወጠ።
«ከላይ» አልኩት፣ «ከሳተላይት»፤ ሽቅብ በመስኮቱ አፈጠጠ።
«እኔ ከላይ የማውቀው አንዱን ነው፤ እሱም» አለና ሣቀ፣
«ስጠይቀው አይመልስ፤ ዝም እንዳለ ስንት ዘመን ዘለቀ።»
«ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር» አልኩት፤ «ከቦታዋ ፈቀቅ አትልም።»
«ከትራፊክ ፖሊስ ትሻላለቻ! እሱ ዝናብ ሲመጣ አይገኝም።»

አቃቂን ስናልፍ የወንዙ ሽታ በመስኮት ተንጠራራ፤
ዜና አንባቢዋ ጥርት ብላ ገባች፣ በጣራ።

«ድልድይ ሥር ስንገባስ?»
«ስንቅ አለው» አልኩት። «አንዱን ቃል ሁለቴ እንልከዋለን፤
አንደኛው ቀድሞ ይደርሳል፣ ሌላውን እናዘገየዋለን፤
አራት ሰከንድ ያህል ሣጥኑ ጓዳ ውስጥ ይቀመጣል፤
ጥላ ሲውጠን፣ ካስቀመጠው ቆርሶ ይሰጣል።»
«እንግዲያ የምንሰማው ያለፈውን ነው በዪኛ!»
«በአራት ሰከንድ ነው።»
«ምን አላት፤ ስንት ዓመት ያለፈውን ሰምተን የለም እኛ።»

ጻፍኩ፦
ብሎኬት ማምረቻው ጥግ — አልጠፋም።
የባሕር ዛፉ ረድፍ፣ ነፋስ ሲያጎብጠው — ተንገዳገደ፣ አልጠፋም።
ድንጋይ መፍጫው — አቧራ ብቻ።
ያላለቀው ኮንዶሚኒየም፣ መስኮቱ ሁሉ አፉን እንደከፈተ —
ሦስት ሰከንድ፤ ስንቁ በቃ፤ አንድ ፊደል እንኳ አልሞተ።
እርሳሴ ኮራች።

ከዚያ፣ ቱሉ ዲምቱ ሳንደርስ፣ የባቡሩ ድልድይ ሥር፣
አንድ ተሳቢ አክስሉ ተሰብሮ መንገዱን ሲቀረቅር፣
ሚኒባሱ በኋላ፣ ጭድ የጫኑ አህዮች በጎን፣
ሁሉም ቆመ። እኛም ከኮንክሪቱ ሆድ ውስጥ ቆምን።
ሴትየዋ «የቀይ ሽንኩርት ዋጋ…» እንዳለች፣
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።
ከወገቧ ተቆርጣ ቀረች።

«ምነው?» አለ። «ለሚሄድ ነው» አልኩት አፍሬ፤
«ለቆመ መኪና ስንቅ አልሰፈርንም እስከዛሬ።»

ሞተሩን አጠፋ።
መሪው ላይ ክንዱን ጥሎ፣ ለእኔ ይሁን ለመስታወቱ፣
«ተሳቢ ስነዳ» አለ፣ «ከሚሌ ወዲያ ነው፣ በቀትር፣ በሙቀቱ።
መስመር የለም። ጣራ ላይ ወጥቼ ስልኬን ብዘረጋ፣
ከአሸዋ በቀር የሚሰማኝ የለም፤ ሲመሽም፣ ሲነጋ።
በሦስተኛው ቀን፣ አንዲት ከተማ ዳር፣ ስልኬ ነፍስ ዘራ፤
መልእክቱ ዘነበ፣ ጢው ጢው፣ በተራ በተራ።
የመጀመሪያዋን ከፈትኩ፤ ከሚስቴ፣ ከድርቤ ናት፦ 'ሴት ልጅ ወለድኩ።'
ለረዳቴ፣ ለጎሚስታው፣ ላላፊ አግዳሚው ለስላሳ አዘዝኩ።
የኔን ጠርሙስ ይዤ ቀሪውን መክፈት ጀመርኩ።
'ልጅቷን አተኮሳት።' 'ሐኪም ቤት ወሰድናት።' 'የት ነህ?' 'የት ነህ?'
የመጨረሻዋ የወንድሟ ነበረች፦ 'ሕፃኗን ቀበርናት፤ እግዜር ያጽናህ።'»

ከላያችን ባቡር አለፈ፤ ዳሽቦርዱ ተንቀጠቀጠ።
«ያንቺ ሣጥን» አለኝ፣ «ሦስት ቀን መያዝ ይችላል?»
እርሳሴ ከጣቴ አመለጠ።

ጡሩንባ። ተሳቢውን ጎትተው ጥግ አስያዙት።
አርባ ደቂቃ።
ማርሽ አስገባ። ብርሃን ከኮፈኑ ጀምሮ እየላሰ ወጣብን፤
ሴትየዋም ሽንኩርቱን ረስታ፣ ከሌላ ወሬ መሐል፣
ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣
«…ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የቀላቀለ…» ብላ ተመለሰችብን።

ደብተሩ ላይ «መንስኤ» የሚል ዓምድ አለ፤ ባዶውን ተውኩት።
ጉደታ እጁን ሰደደና ድምፁን ቀነሰ፣
እስኪጠፋ ቀነሰ።
«ቆዪ» አለኝ፤ «ስም አውጥቼላት ነበር፣
የመጀመሪያዋን መልእክት ይዤ፣
ያን ለስላሳ እስክጨርስ።»